የድሮ ፒካፕ ዝገት፦ ወለል፣ የበር ሥር እና ሻንሲ፤ ከየት ልጀምር?

ሰማያዊ_ፒካፕ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜው ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ባለ አንድ ጋቢና ፒካፕ እቤት ቀስ እያልኩ ማደስ እፈልጋለሁ። ሞተሩም ማርሹም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ላሜራው ነው።

በሹፌሩ በኩል ያለው ወለል ከፔዳሎቹ ሥር 10 በ15 ሴሜ ያህል ተበስቷል፤ ዙሪያው በካቻቢቴ ሲነካ ይረግፋል። ከሁለቱም በሮች ሥር በጋቢናው ርዝመት የሚሄደው ሣጥን መሰል ላሜራ የታችኛው ጠርዙ ተበልቷል። የጋቢናው የኋላ ጥጎች ላይ ቀለሙ አረፋ አውጥቷል፣ ቀዳዳ ግን የለም። ሻንሲው በሙሉ ቡናማ ነው፤ የኋላ ባሌስትራ የሚታሰርበት አካባቢ ደግሞ ዝገቱ በቅርፊት በቅርፊት ይነሳል።

ያለኝ መሣሪያ ግራይንደር፣ ትራፓኖ፣ የኤሌክትሮድ ብየዳ ማሽንና አነስተኛ ኮምፕሬሰር ነው። ዝገት ለዋጭ ፈሳሽ ቀብቶ ቀለም ማልበስ እስከ የት ድረስ ያዋጣል? የወለሉን ቀዳዳ በፋይበር ግላስ መድፈንስ? በያዝኩት ማሽን ቀጭን ላሜራ መበየድ ይቻላል? ዓላማዬ ለትርዒት ማሳመር አይደለም፤ በየቀኑ የሚነዳና ተመልሶ የማይዝግ መኪና ነው የምፈልገው።

ላሜራና_መዶሻ፦

ሰላም ወንድም። ቀዳዳውን ከመንካትህ በፊት ውኃው የሚገባበትን ፈልግ። የጋቢና ወለል ብዙውን ጊዜ የሚበሰብሰው ከላይ ወደ ታች ነው። ከምንጣፉ ሥር ያለው ወፍራም ንጣፍ አንዴ ከራሰ ለሳምንታት ሳይደርቅ ይቆያል፤ ላሜራውን የሚበላው ያ ነው። ምንጩ ሳይዘጋ አዲስ ላሜራ ብትበይድ እሱም በጥቂት ዓመት ውስጥ ያንኑ መንገድ ይከተላል።

ወንበሩን፣ ምንጣፉንና ንጣፉን በሙሉ አውጣ። ሌላ ሰው ከውጭ በቱቦ ውኃ ያፍስ፣ አንተ ውስጥ ሆነህ በባትሪ ተመልከት። ማፍሰስ የሚጀመረው ከታች ነው፦ መጀመሪያ የበሩ ግርጌ፣ ቀጥሎ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው የአየር ማስገቢያ ወንፊት፣ መጨረሻ ላይ መስታወቱ። በየቦታው ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። ከላይ ከጀመርክ ውኃው ወደ ታች ሲወርድ ሁሉንም ስለሚያዳርስ የቱ እንዳስገባ መለየት አትችልም።

በዚህ ዕድሜ የመስታወቱ ጎሚኒ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ይገኛል፤ የአየር ማስገቢያው ጉድጓድ በቅጠልና በአፈር ተሞልቶ ውኃ መውጫው ይደፈናል። የማሞቂያው ራዲያተር ካፈሰሰም ወለሉ ላይ ዘይት ዘይት የሚል፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው እርጥበት ታገኛለህ። የአንተ ቀዳዳ ግን ከፔዳሎቹ ሥር ስለሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር ተመልከት፦ የፍሬንና የፍሪሲዮን ዋና ፓምፕ በፔዳሎቹ በኩል ወደ ውስጥ ያፈስ እንደሆነ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፤ ቀለሙን ያጣ ላሜራ ደግሞ ለመዛግ ጊዜ አይፈጅም። እዚያ ርጥበት ካገኘህ ጉዳዩ የላሜራ ብቻ አይደለም፤ ፍሬኑ ሳይጠገን መኪናው አይነዳ።

የኋላ ጥጎቹን በተመለከተ አረፋው አያታልልህ። ቀለም ሳይጫር ከመሐል አረፋ ካወጣ ዝገቱ በአብዛኛው ከጀርባ ተነስቶ ላሜራውን በልቶ ነው ፊት ለፊት የደረሰው። በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ብለህ ተጫነው፤ ካልገባልህ ጥሩ፣ ከገባ መቁረጥ ነው። ውጭውን አሽተህ ለዋጭ ፈሳሽ ብትቀባው ውስጡን አይደርስበትም።

ፋይበር ግላስ ወለል ላይ አይሆንም። ሙጫው ዝገት ላይ አይጣበቅም፤ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ጠርዙ ይለቅቅና በመሐሉ ውኃ ይዞ ይቀመጣል፣ ከላይ ግን ደህና መስሎ ይታያል። ወለሉ ደግሞ ወንበርና ቀበቶ የሚታሰርበት አካል ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል ሻንሲ፣ ወለል፣ የበር ሥር፣ ጥጎች፣ ከዚያ ቀለም ነው። ሻንሲው መዳኑ ሳይረጋገጥ ጋቢናው ላይ አንድ ሰዓትም አታጥፋ።

የብየዳ_ጭንብል፦

ስለ ብየዳው። የእንዲህ ዓይነት መኪና የውጭ ላሜራ ከ0.8 እስከ 1 ሚሜ፣ ወለሉ ከ1 እስከ 1.2 ሚሜ አካባቢ ነው። በኤሌክትሮድ ይቻላል ከተባለ በ1.6 ሚሜ ኤሌክትሮድ፣ ከ25 እስከ 40 አምፒር፣ ከጀርባ የመዳብ ቁራጭ ደግፎ ነው። መዳቡ ሙቀቱን ይስባል፣ ብየዳውም አይጣበቅበትም። ግን ብዙ ርካሽ ማሽኖች በዚህ ዝቅተኛ አምፒር ቅስቱን (የብየዳውን የኤሌክትሪክ ብልጭታ) አይዙም፤ ወይ ይጣበቃል ወይ ይበሳል። ተከራይተህም ቢሆን ሚግ ማሽን (ሽቦውን ራሱ እየመገበ የሚበይድ) አግኝ። ጋዝ ካለው 0.6 ሚሜ ሽቦ፣ 75 በመቶ አርጎን 25 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ጋዝ የሌለው ከሆነ ባለ ዱቄት እምብርት 0.8 ሚሜ ሽቦ፤ ያኔ ችቦው (ሽቦው የሚወጣበት እጀታ) ወደ ኔጌቲቭ መዞር አለበት። ብዙ ሰው ይህን ሳይቀይር ይጀምርና በፍንጣሪው ብዛት ማሽኑን ያማርራል።

የወለሉ አሠራር እንዲህ ነው። ዝገቱ ካለቀበት ጠርዝ ከ2 እስከ 3 ሴሜ አልፈህ ጤነኛው ላሜራ ላይ ቁረጥ። ጥጎቹን ቀጥ ያለ ማዕዘን አታድርጋቸው፣ ክብ ይሁኑ፤ ሹል ጥግ ስንጥቅ ይጀምራል፣ ሲበየድም ሙቀት ይከማችበታል። በካርቶን ልክ ውሰድ፣ ያንን ላሜራው ላይ አስቀምጠህ ቁረጥ፣ ከዚያ ጎድጎድና ጎበጥ ያለውን በመዶሻ እያስተካከልክ ክፍተቱ ዙሪያውን ከ0.5 እስከ 1 ሚሜ እስኪሆን አመቻች። ክፍተቱ 2 ሚሜ ከደረሰ ከመበየድ ይልቅ መብሳት ይበዛል፤ ሌላ መቁረጥ ይቀላል።

ብየዳውን በመስመር አትጎትት። ነጥብ ምታ፣ ሌላኛው ጎን ሂድ፣ ነጥብ ምታ። መጀመሪያ ነጥቦቹ በ25 ሚሜ ይራራቁ፣ ከዚያ በመሐላቸው እየገባህ እስኪገናኙ ድረስ ቀጥል። ቀጣዩን ነጥብ የምትመታው የቀድሞው በእጅ ሲነካ የማያቃጥል ሲሆን ነው። ላሜራ የሚጣመመው ሙቀቱ አንድ ቦታ ሲጠራቀም ነው፤ የተጣመመን ሰፊ ላሜራ መመለስ ደግሞ ከብየዳው የከበደ ሥራ ነው።

የበር ሥሩን ከመቁረጥህ በፊት የበሩን ክፍት ቦታ በ25 በ25 ቱቦላሬ ደግፍ፦ አንድ አግድም፣ አንድ ሰያፍ። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ በጎማዎቹ ይቁም፣ የበሩን ዙሪያ ክፍተትና የክፍቱን ሁለት ሰያፎች ለክተህ ጻፍ። አንድ ጎን ጨርሰህ በሩን ገጥመህ ካረጋገጥክ በኋላ ብቻ ወደ ሌላው ተሻገር። ሁለቱንም አንዴ ከቆረጥካቸው ጋቢናው ይወርድና በሩ ዳግመኛ በልኩ አይዘጋም። የሣጥኑን ውጫዊ ላሜራ ስታነሳ የውስጠኛውንም እየው፤ እሱ ተበልቶ ውጭው ብቻ ቢቀየር ሥራው የቀለም ዕድሜ ነው ያለው።

ጥንቃቄ የምለውን በቁም ነገር ያዙልኝ። የባትሪውን ገመድ ፍታ፣ መሬት የሚይዘውን መቆንጠጫ ብየዳው አጠገብ እሰር። የነዳጅ ታንኩ ወንበር ኋላ ከሆነ አውጣው፤ መሸፈን ብቻውን አይበቃም። ከወለሉ ሥር የሚያልፉትን የፍሬንና የነዳጅ ቱቦዎች ለይ። ከጨረስክ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ እዚያው ሆነህ ጠብቅ፣ ንጣፍ ውስጥ የገባ ፍንጣሪ ቆይቶ ነው የሚነድደው። ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ ያጸዳኸውን ብረት ፈጽሞ አትበይድ፤ የብየዳው ሙቀትና ጨረር ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያደርገዋል። ማጽጃህ አሴቶን ይሁን፣ እሱም ሙሉ በሙሉ ተንኖ። መጣፊያው ዚንክ የተነከረ ላሜራ ከሆነ ከጠርዙ 3 ሴሜ ያህል ዚንኩን ፍቀህ አንሳ፤ ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል።

ሰማያዊ_ፒካፕ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። መጣፊያውን ከላሜራው ጫፍ ለጫፍ ከማጋጠም ይልቅ በላዩ ላይ ደርቦ መበየድ ለጀማሪ አይቀልም? ከተበየደ በኋላስ ከጥሬው ብረት እስከ ቀለም ድረስ ያለው ሂደት እንዴት ነው? ለዋጭ ፈሳሹ የት ይገባል?

የብየዳ_ጭንብል፦

መደረቡ ይቀላል፣ ወለል ላይም ከ15 እስከ 20 ሚሜ ደርቦ መሥራት ያስኬዳል። ቅድመ ሁኔታው ግን በሁለቱ ላሜራ መሐል ያለው ገጽ ከመገጠሙ በፊት ብየዳ የሚያሳልፍ የዚንክ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ የመጀመሪያ ቅብ) መቀባት አለበት፤ ከዚያ የላይኛው ላሜራ በ6 ሚሜ ቀዳዳ በየ30 ሚሜው ተበስቶ ቀዳዳዎቹ በብየዳ ይሞላሉ፣ ጠርዙም ከላይም ከታችም በሲላንት ይታሸጋል። ከታች ያለው ጠርዝ ወደ ፊት አፉን ከፍቶ ከቀረ ጎማው የሚረጨውን ውኃ ይቀበላል፤ ስለዚህ መጣፊያው ከላይ ይሁን። ጥጎቹ ላይና ማንኛውም ከውጭ በሚታይ ላሜራ ላይ ግን ጫፍ ለጫፍ ብቻ ነው። እዚያ መደረብ በስቱኮ መሸፈን ያለበት እብጠትና ውኃ የሚቋጥር ኪስ ይሠራል።

ኢፖክሲ_ፕራይመር፦

የቀለሙን በኩል ልውሰደው፤ ብዙ ጥሩ ብየዳ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ።

መጀመሪያ አሮጌውን ቀለም። የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ደረቁን በግራይንደር አቡንነህ አትተንፍሰው፤ ፒ3 ወይም ፒ100 ማጣሪያ ያለው ማስክ አድርግ፣ በእጅ የሚታሸውን እያረጠብክ እሽ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ሰብስብ። በግራይንደር የሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ ሽቦውን እየነቀለ ይወረውራል፣ ስለዚህ መነጽር ብቻውን አይበቃም፤ ፊት ሙሉ የሚሸፍን ጋሻ። ሰፊ ላሜራ ላይ ፍላፕ ዲስክ (የብርጭቆ ወረቀት ቁርጥራጮች የተደረደሩበት) አትጠቀም፤ ብረቱን ያሳሳል፣ ያግለዋል። ለቀለምና ለላይኛው ዝገት ወንፊት መሰሉ የናይሎን ማጽጃ ዲስክ ይሻላል። በአሸዋ ማስነፋት ለሻንሲ ጥሩ ነው፤ ለጣሪያ፣ ለኮፈንና ለበር ግን ላሜራውን ያጎብጣል። ተራ አሸዋም አይሁን፣ የሲሊካ አቧራ ሳንባ ያጠፋል።

ከጸዳ በኋላ ብረቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ከቀረ እሱ ጉድጓድ ውስጥ የተደበቀ ዝገት ነው። ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ዝገት አንሺ እዚያ ላይ ይሠራል፦ ቀባ፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ እንዳይደርቅ እያረጠብክ ያዝ፣ በሽቦ ብሩሽ እሽ፣ ካስፈለገ ድገም። ከዚያ በመመሪያው መሠረት በደንብ እጠበውና ወዲያው አድርቀው። በደንብ የምለው የአሲድ ቅሪት ከኢፖክሲ ፕራይመር (ከማጠንከሪያ ጋር ተዋህዶ የሚቀባ ፕራይመር) ሥር ከቀረ ፕራይመሩ ስለማይይዝ ነው፤ ከወራት በኋላ በጥፍር ይላጣል። ከደረቀ በኋላ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እንደገና ጫረው።

ታኒክ አሲድ ያለበት ለዋጭ ሌላ ነገር ነው። ዝገቱን ወደ ሰማያዊ ጥቁር ውህድ ይቀይረውና እዚያው ይተወዋል። ስለዚህ የሚቀይረው ዝገት ያስፈልገዋል፣ ንጹሕ ብረት ላይ ጥቅም የለውም፤ ልቅ ቅርፊት ላይ ከተቀባም ቅርፊቱ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ቦታው ሙሉ ውፍረቱን የያዘ ግን እጅና ብሩሽ የማይደርስበት ስንጥቅ ነው፦ የሻንሲ ማያያዣ ውስጥ፣ የዕቃ መጫኛው ወለል ታች። የተበሳን ነገር አያድንም።

ኢፖክሲው ላይ ስትደርስ ብረቱን በቅባት ማጽጃ በሁለት ጨርቅ አጽዳ፣ አንዱ እርጥብ ሌላው ደረቅ፤ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አትንካው። ንጹሕ ብረት በእርጥብ አየር ውስጥ በሰዓታት ውስጥ ቢጫ ጭጋግ ስለሚያወጣ በአንድ ቀን ልትቀባው የምትችለውን ያህል ብቻ ግፈፍ። ውህዱን በመመሪያው መጠን አዋህድ፤ አንዳንዱ 1 ለ1 ነው፣ አንዳንዱ 4 ለ1፣ በግምት የተዋሃደ ኢፖክሲ አይደርቅም። ብረቱ ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ወይም ጤዛ የሚይዝበት ሰዓት ከሆነ ጠብቅ። ሁለት እጅ ቀባ። ወለልና ሻንሲ ላይ በብሩሽ ይሁን፤ ብሩሽ ቀለሙን ጉድጓዱ ውስጥ ያስገባዋል፣ ኮምፕሬሰርህም ትንሽ ስለሆነ አትጨናነቅ። ቀጣዩ ንብርብር የሚቀባበት ጊዜ መመሪያው ላይ ተጽፏል። ካለፈ ሳይጫር የተቀባው ይላጣል።

ስቱኮ ከኢፖክሲው በላይ ይሁን፣ ውፍረቱ ከ3 ሚሜ አይለፍ፣ ማጠንከሪያው በክብደት 2 በመቶ ገደማ። ማጠንከሪያ ሲበዛ ኋላ በቀለሙ ላይ እድፍ ሆኖ ይወጣል፣ ሲያንስ ደግሞ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ስቱኮ እንደ ስፖንጅ እርጥበት ስለሚመጥጥ በውኃ አታሸው፤ በደረቁ በ80፣ ከዚያ በ180 ቁጥር። ጀርባው ክፍት በሆነ ቀዳዳ ላይ የተለጠፈ ስቱኮ ከጀርባው ውኃ ይጠጣል፣ አረፋውም ቀለሙ ገና አዲስ ሳለ ይመለሳል።

የላሜራ መገጣጠሚያዎችን በፖሊዩሪቴን ሲላንት የምታሽገው ከፕራይመር በኋላ፣ ከቀለም በፊት ነው። ሲሊኮን አትጠቀም፤ ቀለም አይዝበትም።

ማጠንከሪያ ያለበትን የላይኛውን የፖሊዩሪቴን ቀለም እቤት ስለመርጨት፦ ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው ኢሶሲያኔት ከባድ የአስም ሕመም ያመጣል፣ ተራ ማጣሪያ ማስክም አያስተማምንም፤ ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያስገባ ማስክ ይፈልጋል። እሱ ከሌለህ የላሜራውን ሥራ እስከ ፕራይመር ድረስ ጨርሰህ ርጭቱን ቀለም ቤት አሠራ።

ሻንሲ_ተመልካች፦

ስለ ሻንሲው የተባለው በቂ አይደለም፤ የመኪናውን ዕጣ የሚወስነው እሱ ነው።

በክሪክ ብቻ ተማምነህ ከሥር አትግባ፤ በአራት ጠንካራ መደገፊያ ይቁም። ቅርፊቱን በመሮና በመዶሻ አውርድ፣ ከዚያ በትንሽ መዶሻ በየ5 ሴሜው እየመታህ አዳምጥ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ መዶሻውንም ይመልሳል፤ የሳሳው ደነዝ ድምፅ ይሰጣል ወይም ይጎደጉዳል። በተለይ የባሌስትራ ማሰሪያው ሥር፣ ሁለት ብረት የተደረበበትን ሁሉ፣ የመሪው ሣጥን የሚታሰርበትን፣ ጋቢናው በጎማ ትራስ የሚቀመጥበትን ተመልከት። ዝገት ከብረቱ የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ በተደረቡት መሐል ሲያብጥ ብረቶቹን ይለያያቸዋል፤ በሪቬቶቹ መሐል የተወጠረ ሆድ መሰል ካየህ ውስጡ በልቷል ማለት ነው። ጥርጣሬ ካለህ ትንሽ ቀዳዳ በስተህ ውፍረቱን ለካ፣ በሻንሲው ላይ ካለ ደረቅ ጤነኛ ቦታ ጋር አነጻጽር።

ቅርፊቱ ወርዶ ብረቱ ውፍረቱን ከያዘ ጽዳት፣ ለዋጭ፣ ሁለት እጅ ኢፖክሲ ይበቃዋል። ከተበላ ግን የበሰበሰው ይቆረጣል፣ በተመሳሳይ ውፍረት ብረት ይተካል፤ እንደ መኪናው 3 ወይም 4 ሚሜ ነው። እዚህ የኤሌክትሮድ ማሽንህ ቦታውን ያገኛል። ማጠናከሪያው ብረት ጫፉ ሰያፍ ተቆርጦ ይሠራ። የሻንሲውን ቁመት ቀጥ ብሎ የሚቆርጥ የብየዳ መስመር ጭነቱን አንድ ቦታ ያከማችና ጎኑ ላይ ይሰነጠቃል። የሻንሲውን የላይኛውንና የታችኛውን ክንፍ (አግድሙን ገጽ) ተሻግረህ አትበይድ። በቀጭን ላሜራ መሸፈንማ ጉዳቱን መደበቅ ነው፤ ቀጥሎ የሚነዳውን ሰው አደጋ ላይ ይጥላል። ቦታው የባሌስትራ ወይም የመሪ ማሰሪያ ከሆነ ለሠለጠነ በያጅ ስጠው፣ ከሥራው በኋላም ይመርመር። ባሌስትራውን ራሱን አትበይድ፣ አታግለው።

እግረ መንገድህን የብረቱን የፍሬን ቱቦዎች በሙሉ እይ። ቅርፊት ካነሱ አጽድቶ መቀባት የለም፣ ይቀየራሉ።

ሬንጅ ዝገት ላይ አይቀባ። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ውኃውን ከሥሩ ይይዝና ሻንሲው በማይታይበት ያልቃል። ቀለሙ ሁሉ ካለቀ በኋላ በተዘጉት ሣጥኖች ውስጥ፣ ማለትም በበር ሥር፣ በኋላ ጥጎች፣ በበሮቹ ግርጌና በተዘጋ ሻንሲ ውስጥ፣ ለዚሁ የተሠራ ፈሳሽ ሰም ዙሪያውን በሚረጭ ረጅም ቱቦ አስገባ። ቱቦውን እስከ ዳር ሰድደህ እየረጨህ ቀስ ብለህ ሳበው። ከውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹ መንጠባጠብ ሲጀምር ደርሷል ማለት ነው፤ ከዚያ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ክፈታቸው። በየጥቂት ዓመቱ ይደገማል። ብየዳ ከቀረህ ሰሙን አታስገባ፣ ይቀጣጠላል።

ሰማያዊ_ፒካፕ፦

በጣም አመሰግናለሁ። ሻንሲውን በመዶሻ ከማዳመጥ እጀምራለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የበር ማጠፊያዎች፣ ቅንፎችና የፈታኋቸው ብሎኖች ብዛት አላቸው፤ አንድ በአንድ በብሩሽ ማሸት ግድ ነው?

ላሜራና_መዶሻ፦

ግድ አይደለም። ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ ሲትሪክ አሲድ ነው፦ ለ1 ሊትር ውኃ 50 ግራም፣ ቅባቱን መጀመሪያ አጥበህ ዘፍዝፈው፣ በየጥቂት ሰዓቱ እያወጣህ በብሩሽ ነካ አድርገህ እየው። ዝገቱ ሲለቅ አውጣው፤ ከዚያ በላይ ከቆየ አሲዱ ብረቱን ራሱን መብላት ይጀምራል።

ሁለተኛው ኤሌክትሮሊሲስ ነው፤ ብረቱን ስለማይበላ ለማጠፊያዎቹ ይህን እመርጣለሁ። በፕላስቲክ ባልዲ ለ4 ሊትር ውኃ 1 የሾርባ ማንኪያ ሶዲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ለልብስ ማጠቢያ የሚሆነው ሶዳ። የ12 ቮልት ባትሪ ቻርጀር ኔጌቲቩ ከሚጸዳው ዕቃ፣ ፖዘቲቩ ከማይፈለግ ተራ ብረት ይታሰር፤ ሁለቱ እንዳይነካኩ። ከተገላበጠ የሚበላው ዕቃህ ነው። ማጠፊያው ፊቱን ወደ ፖዘቲቩ ብረት ያዞረው ጎን ቀድሞ ስለሚጸዳ መሐል ላይ አገላብጠው። በሶዳው ፋንታ ጨው አትሞክር፣ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ የማይዝግ ብረትም በፖዘቲቩ በኩል አታስገባ፣ ውኃው መርዛማ የክሮሚየም ውህድ ይይዛል። ሃይድሮጅን ስለሚወጣ ከቤት ውጭ ይሁን፣ ገመዱን ከማላቀቅህ በፊት ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀል። አሉሚኒየም በዚህ ውኃ ይበላል። ሞላዎችንና ጠንካራ የመሪና የቀበቶ ብሎኖችን ግን በሁለቱም መንገድ አትዘፍዝፍ፤ ሃይድሮጅኑ ብረቱ ውስጥ ገብቶ ተሰባሪ ያደርጋቸዋል፣ እነሱን በአዲስ ቀይር።

ሲወጣ ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር ይሸፍነዋል። በውኃና በብሩሽ አጥበህ በሙቅ አየር አድርቀው፣ በዚያው ቀን ኢፖክሲ ቀባው። የማጠፊያው ፒን የሚገባበትን ቀዳዳ ግን አትቀባ፣ ግሪስ አድርግበት።